በናዳው ዳር ድብብቆሽ

ውሻ ተስፋ ይቆርጣል ቢሏችሁ እንዳትስቁ። ቨርና መጀመሪያ የሰማች ቀን ስቃለች፤ ያኔ ግን በአነፍናፊ ውሻ ሰው ፍለጋ ገና ጀማሪ ነበረች። ናዳው በወረደ በአራተኛው ቀን ጠዋት ውሻዋ ታንሲ ቁርሷን አሽትታ ተወችው። ከዚያ የቨርና ፒክአፕ መኪና ሥር ገባች፣ አፍንጫዋን በፊት እግሮቿ መሃል ቀብራ ዝም አለች። ቨርና ጭቃው ላይ ተንበርክካ አየቻት።

"ነይ እስኪ የኔ እመቤት፣" አለቻት። "ማኩረፉን ለኔ ተይልኝ።"

ታንሲ ዓይኗን ብቻ አዞረች።

ቅዳሜ ዕለት ከሴዳር ፍላት መንደር በላይ ያለው ተራራ ጎኑ ተገምሶ ወረደና ሰፈሩን ከነቤቱ፣ ከነመኪናው፣ ከነዛፉ ጠቅልሎ ወንዙ ማዶ ደፋው። ለሳምንታት ሲዘንብ ነበር፤ ተራራው ጠጣ ጠጣና በቃኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሰው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ከሲያትል ከተማ የመጣው ወታደር፣ ሁሉም ጭቃ ለብሶ ይውላል። በአካፋም ወጣ በማሽን፣ እስካሁን የወጣው ግን ሬሳ ብቻ ነው። አንድም በሕይወት የተገኘ የለም።

ታንሲ ደግሞ የሕያዋን ውሻ ናት። ሬሳ የሚያነፈንፉት ለብቻቸው የሠለጠኑ ሌሎች ውሾች ናቸው። እሷ የምትፈልገው ትንፋሽ ያለውን ሰው ነው፤ ጠረኑን ስታገኝ እዚያው ቆማ ትጮሃለች፤ ቨርና ደርሳ የገመድ ቋጠሮዋን አውጥታ ጉተታ እስክትገጥማት ድረስ ዝም አትልም። ለታንሲ ዓለም ማለት ያ ቋጠሮ ነው። ሬሳ ላይ ከደረሰች ግን ጆሮዋን ጥላ ትመለሳለች፤ ጩኸትም ጨዋታም የለም። ይኸው ስንት ቀኗ፣ ጆሮዋን እየጣለች ትመለሳለች።

አንዴ ጮኻ ነበር፤ እሱም ጣጣ ሆነ። እሑድ ዕለት የሮይስ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሮይስ እንጨት ቆራጭ ነው፤ ተራራው ሲወርድ ጫካ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር፣ ሚስቱ ናዲን ግን ቤት ቀርታለች። ታንሲ ስትጮህ ሲሰማ አካፋ እስኪያቀብሉት እንኳ አልጠበቀም። በእጁ ቆፈረ። "ናዲን፣ መጣሁልሽ፣ አለሁ" እያለ ጥፍሩ እስኪነቀል ቧጠጠ። ግማሽ ቀን ተቆፍሮ የወጣው ፍራሽና ማቀዝቀዣ ነበር። ሮይስ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ የደማ እጁን እያየ ቀረ። ቨርና በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር።

የፍለጋው ኃላፊ ካፒቴን ሃሎራን ማታውኑ ጠርቷት ነበር።

"ውሻሽን ልብ በያት፣" አላት። "ያንን ሰውዬ ሁለተኛ እንደዛ ሆኖ ማየት አልችልም።"

"እኔም አልችልም፣" አለች ቨርና።

በዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው ከውሸት ጩኸት የባሰ ነውር የለም። ውሻ ቋጠሮው ሲያምራት፣ ወይ ሲደክማት፣ ወይ ጌታዋን ደስ ላሰኝ ስትል ባዶ መሬት ላይ ልትጮህ ትችላለች። ያን ጊዜ ሰው ይቆፍራል፣ ማሽን ይቆማል፣ የሌላው ተራ ያልፋል። ቨርና የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ሰባ ልጅ ከኋላዋ ሲንጫጫ የማይደነግጥ ልብ አላት። ይሄ ግን እንቅልፍ ነስቷታል።

ፒክአፑ ሥር እያጎነበሰች ሳለ ዌንደል መጣ። ዌንደል ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ በቁመቱም በጎኑም በር የሚሞላ ሰው ነው። የእሱን ውሻ እግር መስታወት ቆርጦት ታሽጎ ስለተኛ፣ እንደ ቦዘኔ እየዞረ የሰው ሥራ ያግዛል።

"አልበላችም?" አለ።

"አልበላችም።"

"የኔን ዳቦ ሰጥተሻት ነው?"

"የአንተን ዳቦ ብሰጣትማ ጭራሽ ሥራ ትለቅ ነበር።"

ዌንደል ሳቅ ብሎ አጎንብሶ ታንሲን አያት፣ ፊቱም ወዲያው ኮስተር አለ። "ድብብቆሽ ያስፈልጋታል፣" አለ።

ድብብቆሽ የሚሉት የዚህ ሥራ የቆየ ልማድ ነው። የሕያዋን ውሻ ሬሳ ብቻ እያገኘች ስትሰነብት ልቧ ይሰበራል፣ መፈለጓን ትተዋለች። ስለዚህ ከጓዶቹ አንዱ ሄዶ ይደበቃል። ውሻዋ ትላካለች፣ ታገኘዋለች፣ ትጮሃለች፤ ያኔ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያጨበጭብላታል፣ ይስቃል፣ እልል ይባልላታል። ልቧ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ግን ከቤተሰብ ዓይን ርቆ ነው። ልጁን ከጭቃ ውስጥ በሚፈልግ ሰው ፊት ማን ደፍሮ ይስቃል?

ከናዳው ታችኛው ዳር፣ ከተረፉት ዛፎች ጀርባ፣ ሰው የማይደርስበት ቦታ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ውሻም ሰውም አልፎበት "ተፈትሿል" ተብሎ ብርቱካናማ ቀለም ተረጭቶበታል። በዚያ በኩል የነበረው ቤት የሽማግሌው የኦቶ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ መኪናቸው ቅዳሜ ደጃቸው ላይ ስላልነበረች እህታቸው ጋ ሄደዋል ተብሎ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ቤታቸውን ናዳው ገፍቶ ገፍቶ ሥራ ሥርና ሳንቃ የተቀላቀለበት ክምር አድርጎታል። ከክምሩ ወደ ግራ፣ ራቅ ብሎ፣ የተገለበጠ የከብት ተጎታች አለ።

"እዚያ እገባለሁ፣" አለ ዌንደል።

"አንተን ይደብቅሃል?"

"ግማሼን ይደብቃል። የቀረውን ግማሽ አላየሁም ብላ ትለፈው።"

ከሌላ ከተማ የመጡ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ለማጨብጨብ አብረው ወረዱ። ቀኑ ከቅዳሜ ወዲህ ፀሐይ የወጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጭቃው ከላይ ከላይ ደርቆ ፊቱ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ ከስንጥቁም ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ዌንደል ተጎታቹ ውስጥ ተጣጥፎ ሲገባ ቨርና ቆማ አየችው፤ የጫማው ጫፍ እንኳ ወደ ውጪ ቀርቷል። ሲረጋጋ ታንሲን ከአንገት ማሰሪያዋ ፈታቻት።

"ፈልጊ፣" አለቻት።

ታንሲ እንደ ሰለቸው ሠራተኛ እየተጎተተች ሄደች። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለች። አንገቷ ተቃና፣ አፍንጫዋ ነፋሱን ያዘ፣ ጭራዋ ቆመ። ቨርና ልቧ ሞቅ አለ፤ ይኸው ተመለሰችልኝ አለች በሆዷ። ታንሲ ወደ ግራ መሄድ ነበረባት። ወደ ቀኝ ሄደች። እየሮጠች ክምሩ ላይ ወጣች፣ በሁለት ሳንቃ መሃል የተሰነጠቀውን ጭቃ አሸተተች፣ ዞራ ቨርናን አየችና ጮኸች። ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች።

የቨርና ደም ፈላ። ዌንደል ግራ ነው ያለው፤ ሲገባ አይታዋለች፣ ጫማው ይታያታል። ቀኝ ማንም የለም። ፍራሹ ላይ የተቀመጠው ሮይስ ዓይኗ ላይ መጣ። ይቺ ውሻ ለቋጠሮ ብላ መዋሸት ለምዳለች ማለት ነው፣ ነገ ደግሞ በማን ሐዘን ላይ ትጮሃለች?

"ተይ፣" አለቻት ጠንከር ብላ። "አይደለም። ነይ ወዲህ።"

ታንሲ አልመጣችም። ጩኸቷንም አላቆመችም። ቨርና ጭቃውን እየረገጠች ሄዳ አንገቷን ይዛ ጎተተቻት፤ ውሻዋ በአራት እግሯ ተተከለች፣ መሬቱን እየቧጠጠች ተጎተተች። ቨርና እስከ ተጎታቹ አጠገብ ወስዳ እንደገና ላከቻት። እዚያ እንኳን አነፍናፊ ውሻ እኔና እናንተም ዌንደልን በማሽተት እናገኘው ነበር። ታንሲ ሁለቴ ጮኸች። ዌንደል እንደ ተኩላ እያላዘነ ከተጎታቹ ተንከባሎ ወጣ፣ ሁለቱ በጎ ፈቃደኞች እያጨበጨቡ ጮኹላት፣ ቨርና ቋጠሮውን አውጥታ "ጎበዝ፣ የኔ ጀግና፣ ጎበዝ" እያለች ጉተታ ገጠመች። ዌንደል ጭቃው ላይ አንሸራትቶት በቂጡ ተቀመጠ። ያኔ ሁሉም ሳቁ። ቨርናም ሳቀች፤ ከቅዳሜ ወዲህ ሳቅ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ታንሲ ቋጠሮውን ጥቂት ጎትታ ለቀቀችው። ፊቷን ወደ ክምሩ አዙራ ቆመች። ቨርና ይሄንን አይታለች፤ አይታ ግን ደክሟት ነው ብላ አሰረቻትና ይዛት ወጣች።

ምሳ የሚታደለው ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፊት ለፊት ነው፤ ሾርባና ሳንዱች። ቨርና ፒክአፑ ጭራ ላይ ተቀምጣ ስትበላ ሮይስ መጣ። ሁለቱም እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሳንዱቹን እንደ ሕፃን በሁለት መዳፉ ይዞታል። ከእሑድ ወዲህ ሳትሸሸው የቀረችበት ሰዓት አልነበረም፤ አሁን ግን መሸሻ የለም።

"ስትጮህ የሰማሁ መሰለኝ ጠዋት፣" አለ ወደ ታንሲ እያየ።

"ልምምድ ነው፣" አለች ቨርና። "ዌንደልን ደብቀን ነው። እንዳይደብራት ብለን።"

"ደግ አደረጋችሁ።" ከሳንዱቹ ሥጋውን አወጣና ለታንሲ ዘረጋላት። "አንቺ እሑድ ስለጮኸችው ተቀይመሻታል አሉኝ።"

"ሮይስ፣ እኔ ያን ቀን..."

"ቆይ ልንገርሽ። ያን ቀን ስቆፍር ናዲን በሕይወት ነበረች። ለግማሽ ቀን። ከዚያ ወዲያ እንደዛ የሆንኩበት ሰዓት የለም። ነገም ብትጮህ እቆፍራለሁ፣ ከነገ ወዲያም። እና አትቆጫት።"

ቨርና የሾርባውን ሳህን አስቀመጠች። ያንን ሁሉ ስትፈራ የነበረው ለእሱ ብላ ነው። እሱ ግን ይኸው፣ ትጩህ ይላል። አንድ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ታንሲ ሥጋውን ከሮይስ መዳፍ ላይ ሳትነካ ዞረች። ከፒክአፑ ዘላ ወረደች፣ ማሰሪያዋን እየጎተተች በሰዎቹ እግር መሃል ሾልካ ወደ ታች ሮጠች። ቨርና ጠራቻት። እንዳልሰማ ሆና ከዛፎቹ ጀርባ ጠፋች።

"ጨዋታው ጣማት፣" አለ ሮይስ ፈገግ ብሎ።

ቨርና ተከትላት ወረደች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው በሩጫ። ታንሲን ክምሩ ላይ አገኘቻት። ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ስንጥቁን በፊት እግሯ ትቆፍራለች፣ ታለቅሳለች። ቨርናን ስታይ ተነስታ ጮኸች።

ቨርና ቆመች። ቋጠሮው ኪሷ ውስጥ ነው፤ አላሳየቻትም። ዌንደል ላይ አዳራሹ ጋ ሾርባ እየጠጣ ነው። ማንም አልላካትም፣ ማንም አያጨበጭብላትም። ውሻ ለቋጠሮ ትዋሽ ይሆናል። ያለ ቋጠሮ፣ ያለ ትእዛዝ፣ የቀረበላትን ሥጋ ጥላ ማንን ብላ ትዋሻለች? ከዚያ ዓይኗ ስንጥቁ ላይ አረፈ። እርጥብ ጭቃ ጠረን አፍኖ ይይዛል፤ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ነው የሚለቀው። ቅዳሜ ያለፈው ውሻ ምንም ያላሸተተው ለዚያ ነው። ይሄንን ለጀማሪዎች በየዓመቱ የምታስተምረው ራሷ ቨርና ናት።

መገናኛ ሬዲዮውን አውጥታ ካፒቴን ሃሎራንን ጠራች።

ካፒቴን ሃሎራን እያለከለከ ሲደርስ ብርቱካናማውን ቀለም ነው ያየው። "ይሄ ቦታ ተፈትሿል እኮ።"

"እርጥብ ሳለ ነው የተፈተሸው።"

"እዚህ ማን አለ? ኦቶ እንደሆኑ የሉም።"

"ማን እንዳለ አላውቅም። ሰው አለ። በሕይወት ያለ ሰው አለ።"

"መቼ ነው የጮኸችው?"

"አሁን፣" አለች ቨርና። "ጠዋትም።"

"ጠዋት?"

"ጠዋት ጮኻለች። ድብብቆሽ እያጫወትናት ነበር። ዌንደል ሌላ ቦታ ስለነበረ ውሸት መሰለኝ። ጎትቼ ወሰድኳት።"

ካፒቴኑ ሰማይ ሰማዩን አየ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ አልፋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ጠዋት ማለት ምን ያህል እንደሆነ በልቡ እያሰላ ነበር፣ ቨርናም እያሰላች ነበር። "አሁን ይሄንን ለማንም እንዳትናገሪ፣" አላት በመጨረሻ። "አሁን እንቆፍር።"

ማሽን ማስገባት አይቻልም፤ ከላይ የሚረግጥ ነገር ከሥር ያለውን ይደፈጥጣል። ሰው ተሰልፎ በባልዲ ጭቃውን እየተቀባበለ ያወጣ ጀመር። ሮይስ በፋሻው እጁ መጥቶ ከፊት ገባ፣ ሂድ የሚለው አልተገኘም። ከሰልፉ ላይ ሆኖ ዞሮ ቨርናን ሲያያት ፊቱ በርቷል። "አላልኩሽም?" አላት። "አላልኩሽም ትጩህ?" ቨርና ራሷን ነቀነቀችለት። ልንገረው ትልና ካፒቴኑ ያላት ትዝ ይላታል። ባልዲ ተቀብላ ባልዲ አቀበለች።

ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ስትደርስ አካፋው ወለል መታ። የቤት ወለል ነው፣ ለምድር ቤቱ ጣሪያ የሆነ። ካፒቴኑ እጁን አነሳ። የላዩ ማሽን ሁሉ ሞተሩን አጠፋ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ካፒቴኑ ሳንቃውን ሦስቴ አንኳኳ። ከሥር፣ ደከም ብሎ፣ መልስ መጣ።

ከሰልፉ አንዱ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። ሮይስ በሆዱ ተኝቶ አፉን ወለሉ ላይ አደረገ። "ናዲን፣" አለ። "ናዲን፣ እኔ ነኝ።"

የመጣው የወንድ ድምፅ ነው።

ሮይስ አፉን ከወለሉ ላይ አነሳ። ፊቱ ምን እንደሆነ ቨርና ማየት አልቻለችም፣ ማየትም አልፈለገችም። ከዚያ "ኦቶ ናቸው" አለና መጋዙን ተቀብሎ መቁረጥ ጀመረ። ከማንም በላይ ቆረጠ፣ የፋሻው ነጭ ጨርሶ ጠፋ። ቀዳዳው ሰው ሲያሳልፍ የመጀመሪያው የዘረጋው እጅም የእሱ ነው። ሽማግሌው እስከ ደረታቸው እርጥብ ሆነው፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን እያጨናበሰ ወጡ። የሮይስን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ።

"ሮይስ ነህ?"

"ነኝ። አይዞዎት።"

"ናዲን እዚህ ናት። ከኔ ጋር ናት።"

ሮይስ በቀዳዳው ቁልቁል አየ፤ ከምሰሶና ከውሃ በቀር የሚታይ የለም።

"መኪናዬን ለጥገና ሰጥቼ ስለነበር እንቁላል ልታመጣልኝ መጥታ ነው ቅዳሜ። ምድር ቤት አብረን ወርደን እንቁላሉን ስታስቀምጥልኝ ነው ሁሉም የተገለባበጠው። እግሯን ምሰሶ ይዞታል። ውሃ ደግሞ እየሞላ መጣ፣ ቀስ እያለ።" የሕክምና ባለሙያዋ ብርድ ልብስ እያለበሰቻቸው ዝም እንዲሉ ለመነቻቸው። አልሰሟትም። "ስታጫውተኝ ነው የከረመችው። ዘፈነችልኝ እኮ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ውሻ ሰማን።"

ቨርና ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እላያችን ላይ ነው የጮኸው። ናዲን ሳቀች፤ ተገኘን አለችኝ። ጮህን፣ በማንኪያ ቧንቧ መታን። ለካ የኛ አይሰማም፣ የእናንተ ነው ወደኛ የሚሰማው። ከዚያ የሴት ድምፅ 'ተይ፣ ነይ ወዲህ' አለ። ከዚያ ሳቅ ሰማን። ጭብጨባ። እንደ ድግስ።" ሽማግሌው ሮይስን ቀና ብለው አዩት፣ ያልገባቸውን ነገር እንዲያስረዳቸው እንደሚጠብቅ ሰው። "ናዲን 'ምን አግኝተው ነው?' አለችኝ። ምን ልበላት? ከዚያ በኋላ አላወራችም ብዙ። አሁን ደግሞ ዝም ካለች ቆየች።"

ሁለቱ በጎ ፈቃደኞች ያጨበጨቡበትን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። ሮይስ የሽማግሌውን እጅ ከእጁ ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀ፣ ተነሳ፣ ዞረ። ፈልጎ አልነበረም ያገኛት፤ ዓይኑ በቀጥታ ቨርና ላይ ነው ያረፈው።

"እኔ ነኝ፣" አለች ቨርና። "እኔ ነኝ የጎተትኳት። ዌንደል ሌላ ቦታ ነበር፣ ውሸት መሰለኝ። ሮይስ፣ አንተን ሁለተኛ..."

"ላኪያት፣" አለ ሮይስ።

"ምን?"

"ውሻዋን። ላኪያት።"

ከቀዳዳው ወደ ናዲን የሚያልፈውን ክፍተት ምሰሶው ስለዘጋው ከውሻ በቀር አያስገባም። ዌንደል ጎንበስ ብሎ የታንሲን ማሰሪያ ለቨርና ፈታላት። ቨርና ውሻዋን ቀዳዳው አፍ ላይ አቆመቻት። "ፈልጊ" አለቻት። ታንሲ ገባች። ከውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ተሰማ፣ ከዚያ ስታነፈንፍ ተሰማች፣ ረጅም ጊዜ፣ አንድ ቦታ ላይ። ቨርና ስለት የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ስንቱን ተሳለች።

ታንሲ ተመልሳ ወጣች። ጆሮዋን ጥላለች።

"እንደገና፣" አለ ሮይስ።

ቨርና እንደገና ላከቻት። ታንሲ እንደገና ገብታ እንደገና ወጣች፣ ከሮይስ እግር አጠገብም አልፋ ከሰው ሁሉ ራቅ ብላ ተኛች።

"አልጮኸችም፣" አለ ሮይስ።

"አልጮኸችም።"

"ጠዋት ግን ጮኻ ነበር።"

ቨርና ልትዋሽለት በቻለች፤ ለሽማግሌው ብቻ ይሆናል የጮኸችው፣ ማን ያውቃል ልትለው በቻለች። ዓይኑን እያየች አልሆነላትም።

"ጮኻ ነበር።"

ሮይስ ራሱን ነቀነቀ፣ የጠየቀው ጥያቄ እንደተመለሰለት ሰው። አልጮኸባትም፣ አልሰደባትም፤ ምነው በሰደባት። ቀዳዳው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባና "ምሰሶውን ሁለት ሰው ይያዝልኝ" አለ በደህና ድምፅ። ሁለት ሰው ገባለት። ሰልፉ ቀስ ብሎ መልሶ ተሠራ። ከሮይስ ጀርባ ያለው ቦታ ግን ክፍት ቀረ፤ ሁሉም ከዚያ ቦታ ሸሸ። ቨርና ሄዳ እዚያ ቆመች፣ ሂጂም ነይም ያላት አልነበረም። ባልዲው ሲሞላ ሮይስ ወደ ኋላ ዘረጋው፣ ማን እንደተቀበለው ግን ዞሮ አላየም።